ሁለቴ የሰቀልኩት ፎቶግራፍ

በኮልፌ ከእኔ የበለጠ ደንበኛውን የሚያስቅ ፎቶ አንሺ አልነበረም። ምስክሩ እኔው ነኝ። ሌላ ምስክር እንዳልጠራ፣ ካሳቅኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሞተዋል፤ የቀሩትም ጥርስ ስለሌላቸው መሳቅ ትተዋል። ዘንድሮ ሰባ አምስት ዓመቴ ነው። ዓይኔ በመነጽር፣ ጉልበቴ በከዘራ፣ ትዳሬ ደግሞ በባለቤቴ በአስካለ ትዕግሥት ይሠራል። ያለ ድጋፍ የሚሠራው ምላሴ ብቻ ነው። የማጫውታችሁም ይኸው ምላስ መናገር ሲገባው ዝም ብሎ፣ ዝም ማለት ሲገባው ቀልዶ ያመጣውን ጣጣ ነው።

ፎቶ ቤቴ አጠና ተራ አጠገብ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ሁለት ክፍል ነበረች፤ አንዷ ፎቶ የማነሳባት፣ አንዷ ፊልም የማጥብባት ጨለማ ክፍል። ከደንበኛው ጀርባ ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት መጋረጃ ተዘርግቷል። ዳክዬዎቹን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ ሰው በጎች ይመስሉታል። ኮት ለሌለው ኮት አውሰዋለሁ፣ ስልክ ለሌለው መስመር የሌለው ስልክ ጆሮው ላይ አስይዘዋለሁ። ደጃፌ ላይ ደግሞ ቪትሪን ነበረኝ፤ በመስታወት የተሸፈነ ሳጥን ነው። ከሰሞኑ ሥራዬ ያማረውን አንዱን በትልቁ አትሜ እዚያ እሰቅላለሁ። መንገደኛው ቆም ብሎ ያያል። ባለፎቶው ይኮራል፣ እኔ ከባለፎቶው በላይ እኮራለሁ። ሌላው ሰው በመጠጥ ይታመማል፣ እኔ በዚያች ሳጥን ታመምኩ።

ከጥቂት ወራት በፊት፣ ሕይወት የምትባል የሰፈራችን የታሪክ መምህርት ቤቴ መጣች። በዕድራችን አዳራሽ ውስጥ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የተነሱ ፎቶዎችን ልታሳይ አስባለች።

«ጄኔራሎቹን ሁሉም ያውቃቸዋል ጋሽ አስፋው» አለችኝ። «እኔ የምፈልገው ተራውን ሰው ነው። የሰፈሩን ሰው። የሄደውን፣ የጠፋውን፣ ቤት የቀረውን።»

እንግዲህ አስቡት፤ እንደ እኔ ያለውን ሽማግሌ አንዲት መምህርት «ሥራዎን ለሕዝብ እናሳይ» ብላ ስትለምነው። ከአልጋዬ ሥር የኔጋቲቭ ካርቶኖቼን ጎትቼ አወጣሁ። አሥር መረጥኩላት። ወደ ጦር ሜዳ ከመሄዱ በፊት ከሚስቱ ጋር የተነሳ ወታደር፣ ሁለት ልጆቿ በሁለት ወገን የዘመቱባት እናት፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ። አሥሩን ሰጥቻት ብተው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡትም ነበር። ግን አሥራ አንደኛውን አወጣሁ።

አንድ ወጣት ጠመንጃ በደረቱ ላይ አግድም ይዟል። ብርሃኑ ከግራ በኩል ጉንጩ ላይ አርፏል። ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ዘግቷል። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሁሉ የበለጠው ፎቶ ነው፣ ይህን ስል ያለ ቀልድ ነው።

ሕይወት ፎቶውን ወደ ብርሃን አቀረበችው። «ታጣቂ ነበር?»

«ጠመንጃ ይዞ ምን ይመስልሻል ታዲያ፣ ቄስ?» አልኳት።

ሳቀች። ጻፈች። ቀልዴ ስላሳቀ እኔም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስካለ አስራልኝ፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶው ከመግቢያው ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ከሥሩ «ያልታወቀ ታጣቂ» የሚል ጽሑፍ አለ። ወጣቶች እየተጠጉ ያዩታል። አንዱ ለጓደኛው «ፊቱን እየው፣ ቆራጥነቱን» ሲለው ሰማሁ። እኔ ከረባቴን አስተካከልኩ።

ከዚያ አንዲት ሴት ገባች። ወደ ስልሳ የሚጠጋት፣ ጥቁር ሹራብ የለበሰች፣ ከገበያ እየተመለሰች ኖሮ በፌስታሏ ጎመንና ቃሪያ የያዘች። በሩን እንዳለፈች ቆመች። ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። ቀጥ ብላ ሄዳ ፎቶውን ከሚስማሩ አወረደችና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ ወለል ላይ አቆመችው።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ፎቶው አይነካም» አለች ሕይወት።

«ማነው ይሄ?»

«ስሙ አይታወቅም። ታጣቂ ነው።»

«ይታወቃል። ጌታሁን ይባላል። የእናቴ ልጅ ነው።»

የእናቴ ልጅ እንጂ ወንድሜ አላለችም። ሕይወት ወንበር ልትሰጣት ስትል በእጇ መለሰቻት።

«አሥር ዓመቴ ነበር» አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር ሳትቀንስ። «ጠዋት ከቦኖ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ እዚያው ያዙት። አልተመለሰም። ከሰዓት በኋላ ይህን ፎቶ ይዘው ቤታችን መጡ። ጠመንጃውን አምጡ አሉን። ወለሉን ቆፈሩት፣ ኮርኒሱን ቀደዱት። አባቴ የለም ባለ ቁጥር ፎቶውን ዓይኑ ላይ ይደቅኑበታል። ከልጁና ከገዛ ዓይኑ ማንን ይመን? ወሰዱት። ሲመለስ አንድ እግሩ አይሠራም። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ መቆፈር ጀመረ። መጀመሪያ ጠመንጃውን አግኝቼ ባስረክብ ልጄን ይሰጡኛል ብሎ ነው። በኋላ ግን ንዴት ሆነበት። ደበቀኝ እያለ፣ አዋረደኝ እያለ፣ ከሥራ ሲመጣ ግቢውን ይቆፍራል። እናቴ የጌታሁንን ፎቶ በሙሉ ሰብስባ አቃጠለች። ለቅሶ አልተቀመጥንለትም። አባቴ ረግሞት ሞተ።» ወደ ግድግዳው የዞረውን ፎቶ በጫማዋ ጫፍ አሳየች። «እናንተ ደግሞ ሰቀላችሁት።»

ከፎቶው ወደ ሰዉ ዞረች።

«ማነው ያነሳው?» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሙሉ ልብስ ለብሶ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መደበቂያ የለውም።

«በዚያን ጊዜ ፎቶ ቤት ብዙ ነበር» አልኩ።

«ጋሽ አስፋው» አለች ሕይወት ግራ ገብቷት፣ «እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ሴትየዋ መጥታ ፊቴ ቆመች። «እርስዎ ነዎት? እንግዲያው አንድ ነገር ይንገሩኝ። አባቴ እስኪሞት የጠየቀው እሱን ነው። እርስዎ ጋ ሲመጣ ጠመንጃውን በምን ጠቅልሎ መጣ? ማን ሰጠው? ከፎቶው በኋላስ ይዞት ወዴት ሄደ?»

መልሱን የሚያውቅ በዚህ ዓለም አንድ ሰው ቀርቷል። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፣ የደም ግፊት አለበት፣ ከረባቱን ራሱ ማሰር አይችልም።

«ልጄ፣ አርባ ሰባት ዓመት እኮ ነው። አላስታውስም» አልኳት።

«ልጄ አይበሉኝ» አለች። ፌስታሏን አነሳች። ለሕይወት ዘነበች እንደምትባልና ቤቷ አስኮ እንደሆነ ነግራት፣ ፎቶውን ዳግመኛ ከሰቀሉት መጥታ እንደምታቃጥለው አስጠንቅቃ ወጣች።

አሁን እናንተ ፊት ላስታውስ።

ጌታሁን ፎቶ ቤቴ የመጣው አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው። ክፍለ ሀገር ሊያስተምር ተመድቦ ለእናቱ የሚተውላት ፎቶ ፈለገ። በብብቱ መጽሐፍ ይዟል።

«መጽሐፉን ይዤ አንሳኝ» አለኝ። «እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ግን መጽሐፍ ስይዝ ስታየኝ ደስ ይላታል።»

እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዓይኔም ጉልበቴም ያለ ድጋፍ የሚሠሩበት፣ አእምሮዬ ብቻ ሥራ ያልጀመረበት ዕድሜ። በዚያው ሳምንት አጠና ተራ ያለ አናጺ ከባሕር ዛፍ የእንጨት ጠመንጃ ሠርቶልኝ ነበር። ሰደፉን በቡኒ የጫማ ቀለም፣ አፈሙዙን በጥቁር ቀባሁት። አፈሙዙ የብረት ወዝ እንዲኖረው እርሳስ ፈጭቼ አሸሁበት። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ላየው አይለይም። የያዘው ሰው ግን ገና አልነበረም።

«መጽሐፍ የያዘ ሰው መቶ አለኝ» አልኩት። «ይልቅ ይሄን ያዝ። ቪትሪን ላይ እሰቅልሃለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ወንጭፍ እንኳ ይዤ አላውቅም።»

«ያዝ ስልህ። በመጽሐፍ ሌላ አነሳሃለሁ።»

ያዘው። ወዲያው ሳቁ መጣ። የሰደፉ ቀለም እጁን አቆሸሸው፣ እሱን አይቶ ባሰበት። «ጠመንጃ የያዘ ሰው አይስቅም» ብዬ ተቆጣሁት። ከንፈሩን ነከሰ። በዚያች ቅጽበት አነሳሁት። ወጣቶቹ ቆራጥነት ያሉት እንግዲህ ይህ ነው፤ ሳቁ እንዳያመልጠው የታፈነ ልጅ። በመጽሐፍ ላነሳው ስል ፊልሜ አለቀ። «ቅዳሜ ፎቶህን ልትወስድ ስትመጣ» አልኩት።

ቅዳሜን ግን መቼ ጠበቅኩ። ሐሙስ ቪትሪን ላይ ሰቀልኩት። ዓርብ ጠዋት ሦስት የታጠቁ ሰዎች መጡ። መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት የሚፈተሽበት የአሰሳው ሰሞን ነበር። ፎቶውን ከሳጥኑ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት።

«ይሄ ማነው?»

መዝገቤን ገለጥኩ። ስሙን አነበብኩላቸው። ሰፈሩን አነበብኩላቸው። አስኮ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።

«ጠመንጃውስ?»

ጠመንጃው ከመጋረጃው ጀርባ ቆሟል፣ ከሰውየው ትከሻ ክንድ ቢርቅ ነው። «እንጨት ነው» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል። መጋረጃውን ሳብ ማድረግ ብቻ። ግን «እንጨት ነው» ካልኩ «የማን ነው?» ሊመጣ ነው፤ ከዚያ «ለምን ሠራኸው? ሌላ ማንን አስያዝክ?» ሊመጣ ነው።

«አላውቅም» አልኩ። «እሱ ነው ይዞት የመጣው።»

ጌታሁን ሲይዙት ስለ እንጨቱ ሳይነግራቸው አልቀረም። ግን እኔ ቀድሜ መስክሬበታለሁ። ቅዳሜ አልመጣም። ፎቶውን እሱ ራሱ አላየውም። እኔም ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም። ክፍለ ሀገር ሄዶ ይሆናል አልኩ፤ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ክፍለ ሀገር አስቀመጥኩት። ፎቶውን ለሕይወት ስሰጣትም፣ ከጉራዬ በታች አንድ ሌላ ነገር ነበረብኝ። አንዱ ጎብኚ ቆሞ «ይሄማ ጌታሁን አይደል እንዴ፣ ጅማ ያስተማረኝ» ይላል ብዬ ነበር።

ከአዳራሹ ወጥቼ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ። ጓሮ ሄጄ የዶሮ ቤቱን በር ከፈትኩና መወርወሪያውን ይዤ ተመለስኩ። እንግዲህ እወቁት፤ ያ የአንድ ቤት ወለል የተቆፈረለት ጠመንጃ የዶሮ ቤቴ መወርወሪያ ነው። ያኔ መጣሉንም ማቃጠሉንም ፈራሁ። ሲቆይ ቀለሙ ለቀቀ፣ ርዝመቱም ለዶሮ ቤቱ በር ልክ ሆኖ ተገኘ።

«ዶሮዎቹን በምን ልዝጋ?» አለች አስካለ።

«በከዘራዬ ዝጊው» አልኳት። እንጨቱን በጋቢ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ የአስኮ ታክሲ ያዝኩ። መስኮት ጋ ተቀመጥኩ፣ ጋቢውን ጭኔ ላይ አጋደምኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ታክሲው ሲያዘነብል ክንዱ እንጨቱ ላይ አረፈ። ዳሰሰው። ሰደፉ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«አባት፣ ይሄ ምንድነው?»

«ከዘራ ነው።» ምላሴ፣ እንደ ልማዱ።

ጋቢውን በጣቱ ገለጥ አደረገውና አፈሙዙን አየ። «ወራጅ፣ ወራጅ አለ። መሣሪያ ይዘዋል ሰውየው።»

ታክሲው ጥግ ያዘ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ተጋፋ።

«ፋዘር፣ ይውረዱልን» አለ ወያላው።

«ሽማግሌ አስመስለው ነው የሚልኩት» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

አስመስለው ያለችው አላስቀየመኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌነቴን የተጠራጠረ ሰው አገኘሁ። ለመሳቅ ግን ጊዜ አልነበረም። አንዱ በስልኩ እየቀረጸኝ ነው። ፌርማታው ላይ የቆመ ፖሊስ እጁን መሣሪያው ላይ አድርጎ እየመጣ ነው።

«እጅዎን ከጋቢው ያውጡ። ቀስ ብለው።»

«እንጨት ነው» አልኩ። «ልጄ፣ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ ነው። የፎቶ ጠመንጃ ነው፣ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያሠራሁት።»

እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ፖሊሱ ጋቢውን ገለጠ፣ እንጨቱን በጣቱ አንኳኳ፣ ሳቀ። ሕዝቡም ሳቀ። የሚቀርጸው ልጅ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ታዲያ አባቴ» አለኝ ፖሊሱ፣ «ለምን ከመጀመሪያው አላሉም?»

ጋቢውን መልሼ ጠቀለልኩ። ለራሴ ሲሆን ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት። ቤቷን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ አድራሻውን አንዴ ለሰዎች ነግሬው አውቃለሁ። ግቢው እንደ ተራራ መንገድ አባጣ ጎርባጣ ነው። ከጉድጓዶቹ በአንዱ ተደናቅፌ ልወድቅ ስል የበሩን መቃን ያዝኩ።

ዘነበች በሩን ከፈተች። «ምን ፈለጉ?»

ገብቼ ጋቢውን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«የት ተቀብሮ ነበር?» አለች።

«አልተቀበረም» አልኩ። «እንጨት ነው። የእኔ ነው። እሱ መጽሐፍ ይዞ ነበር የመጣው፣ እኔ አስጥዬው ይሄን አስያዝኩት። ሲጠይቁኝ ይዞት መጣ አልኩ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ማክሰኞውን፣ ዓርቡን፣ መጋረጃውን፣ ዶሮ ቤቱን። ቀልድ አልጨመርኩም፤ ለመጨመር የሞከረውን ምላሴን ነከስኩት። ስጨርስ እጇን ዘርግታ እንጨቱን አነሳችው። እንደሚከብድ ጠብቃ ኖሮ በኃይል ስባው ወደ ላይ ተወረወረባት።

«ይሄን ያህል ቀላል ነው?» አለች።

ተቀመጠች። እንጨቱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የተናገረችው ስለ ሌላ ነገር ነው።

«ፎቶው ላይ ፊቱ… ያኔ ሲያሳዩን አይቼዋለሁ። ኩራት መሰለኝ። አባባ መሬት ላይ ተንበርክኮ እሱ ከፎቶው ውስጥ የሚኮራብን መሰለኝ። ለዚያ ፊት ነው የጠላሁት።»

«ሳቁን አፍኖ ነው» አልኳት። «አትሳቅ ብዬው። ከንፈሩን ነክሶ።»

«ይነክስ ነበር» አለች። ከዚያ ደግማ፣ ለራሷ፣ «ቤተ ክርስቲያን ሳቁ ሲመጣበት ይነክስ ነበር። እማማ ትቆነጥጠው ነበር።»

ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት አፌን ስከፍት ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ» አለችኝ። እርስዎ ቀረ። «ሁለት ቃል ነው የጠፋብህ? አባቴ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲቆፍር፣ አንተ ከዚህ ታክሲ በሚያደርስ ቦታ ዶሮ ትዘጋበታለህ? ልጁን ረግሞ ነው የሞተው። አሁን ሄደህ ንገረው። በል ሂድና ከመቃብሩ ንገረው።»

«ይቅርታ…»

«ይቅርታህን ዶሮ ቤትህ አስቀምጠው።» ተነሳች። «ለቅሶ እቀመጣለሁ። ድንኳን አስተክላለሁ። ፎቶ የለኝም፤ ያለው ያንተ ብቻ ነው። ያን ጠመንጃ ከእጁ አውጣልኝ።»

«ሕይወት በኮምፒውተር በደቂቃ ታወጣዋለች…»

«አንተ ነህ ያስያዝከው» አለች። «አንተ ተቀበለው። በእጅህ።» እንጨቱን ከጠረጴዛው አንስታ ደረቴ ላይ ገፋችው። «ይሄንንም ይዘህ ውጣ። እኔ ቤት ጠመንጃ አይገባም። ሳይገባ ያደረገውን አይቻለሁ።»

ፎቶ በብሩሽና በምላጭ ማስተካከል በጉብዝናዬ የምታወቅበት ሥራ ነበር። የሙሽራ ብጉር አጥፍቻለሁ፣ የሽማግሌ ጥርስ መልሻለሁ። ዛሬ ግን እጄ የራሱ ሐሳብ አለው። በትልቁ አምስት ቅጂ አሳተምኩ። በመጀመሪያው ትከሻውን አጎበጥኩት። በሁለተኛው እጁን ስድስት ጣት አደረግኩለት። በሦስተኛው ጠመንጃው ጠፋልኝ፣ እጆቹ ግን አየር ጨብጠው ቀሩ፤ አንድ ነገር የተቀማ ሰው መሰለ። አስካለ ከኋላዬ ቆማ አየችው።

«ይዞት የመጣውን መልስለት እንጂ» አለችኝ።

በአራተኛው መጽሐፉን ሣልኩለት። ሦስት ቀን ፈጀ። ፊቱን በብሩሽ አልነካሁትም፤ የታፈነው ሳቅ እንዳለ ነው። ቅዳሜ ና ብዬው የቀረውን ፎቶ፣ በአርባ ሰባት ዓመቱ ቅዳሜ ቀን በሕይወት እጅ ላክሁት። ዘነበች ብዙ ካየችው በኋላ «ይሁን» ብቻ አለች አሉ። አንድ መልእክትም ልካለች፦ ለቅሶው ላይ እንዳልገኝ፤ ነገሩን ግን ስሜን ሳልደብቅ ለሰው ሁሉ እንድናገር። «ሰው የሚያስቅበት ምላስ አለው አሉ፤ በእሱ ይናገር።» እነሆ፣ እየተናገርኩ ነው።

ለቅሶው ዕለት ሄድኩ። አልገባሁም፤ ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ቆምኩ። የድንኳኑ አፍ ክፍት ነበር። ፎቶው ከመሐል ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። የጌታሁን እኩዮች የነበሩ፣ ዛሬ እንደ እኔ ከዘራ የያዙ ሰዎች እየገቡ ፊቱ ይቆማሉ። አንዳንዶቹ በዚህ ሁሉ ዓመት በዚያ ቤት ደጅ ሲያልፉ ሰላምታ የነፈጉ ናቸው። የዘነበች ድምፅ እስከ ማዶ ተሰማኝ።

«ወንድሜ ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። ወንድሜ አስተማሪ ነበር።»

ወንድሜ አለች። ሁለት ጊዜ።

ሰው መበተን ሲጀምር ወጣ ብላ አየችኝ። መንገዱን ተሻገረች። ይቅር ልትለኝ ነው ብዬ የጋቢዬን ጫፍ ያስተካከልኩ ሞኝ ነኝ።

«ሰው ሳያውቅዎት ይሂዱ» አለችኝ፣ ወደ እርስዎ ተመልሳ። ያኛው አንተ ይሻለኝ ነበር። አንተ ስትለኝ ቢያንስ ታውቀኝ ነበር።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ያ ዘመን በፎቶ ሲታይ ሁሉም ሰው ታጣቂ ይመስላል። አልበማችሁን፣ መጽሐፋችሁን፣ የየአዳራሹን ግድግዳ ስታዩ፣ የባለጠመንጃውን ፊት አይታችሁ አትለፉ፤ ካሜራው ጀርባ ማን ነበር፣ ምን አስይዞት ነበር፣ ሲጠየቅስ ምን አለ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ደጃፌ ላይ የነበረችኝ ሳጥን ዛሬ በእያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ አለች፤ በቀን አሥር ሰው ትሰቅሉባታላችሁ። ከሥሩም ትጽፉበታላችሁ፤ ይሄ እንዲህ ነው፣ ያ የእነ እንትና ነው እያላችሁ። ለመምከር የሚያበቃ ነገር እንደሌለኝ አውቃለሁ። ያን ፎቶ ሁለቴ ሰቀልኩት፣ ሁለቴም ለጉራዬ። በትክክል የተሰቀለው በሦስተኛው ነው፤ ሦስተኛውን የሰቀለችው እሷ ናት።

መወርወሪያው ወደ ቦታው ተመልሷል። አስካለ ሌላ እንጨት እናስቆርጥ ብትለኝ እምቢ አልኳት። ጠዋት ጠዋት አነሳዋለሁ፣ ዶሮዎቹ ይወጣሉ፣ እኔ በእጄ ይዤው ትንሽ እቆማለሁ። አውራ ዶሮው ምን ነካው ብሎ ያየኛል። አንድ ቀን ይከብደኝ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ክንዴ፣ አሁንም ቀላል ነው።